እትዬ ዜሮና ጉንፋናሙ አንባቢ

በውኃ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ማንም ሰው ማንንም ሲፈልግ ዜሮን ይጫናል። ዜሮ ላይ የምትቀመጠው ስልከኛዋ ናት። በዚህ ምክንያት ስሟ ተረስቶ እትዬ ዜሮ ሆና ቀረች። አዲስ የገባ ሠራተኛ መጀመሪያ ሲሰማው ስድብ ይመስለውና ይደነግጣል። እሷ ግን ትኮራበታለች። «ቁጥር የሚጀምረው ከእኔ ነው፤ እናንተ ሁላችሁ ከእኔ ቀጥላችሁ ነው የምትቆጠሩት» ትላለች።

ክፍሏ ከደረጃው ሥር ናት። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የስልክ ማዞሪያ፣ እህቷ የሰፋችው ትራስ ያለበት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ጃንጥላና ነጭ ዘንግ የሚሰቀልበት ምስማር አለ። አምፖሉ ከተቃጠለ ዓመት አልፎታል፤ ቀይሩልኝ ብላ አታውቅም። «ለማን ብዬ?» ትላለች። ዓይኗን ያጣችው በዘጠኝ ዓመቷ፣ በኩፍኝ ነው።

በዚያች ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። አርባ አንዱን የውስጥ ቁጥር በቃሏ ታውቃለች። ቁጥሩ እንኳ ምንም አይደል፤ ሰዉን በድምፁ ነው የምታነበው። ጠዋት ደውሎ መስመር የጠየቃትን ሰው፣ «ይሄ ዛሬ ጉሮሮው ደርቋል፤ ከአንዱ ጋር ሳይጣላ አይውልም» ካለች ከሰዓት በኋላ መጣላቱ አይቀርም። እኛም ወሬ ሲያምረን ወደ በሯ እንሄዳለን።

አንድ ቀን የአስተዳደር ኃላፊዋ አስጠራቻት። ማዞሪያው ሊነሣ ነው። በምትኩ ራሱ የሚመልስ፣ «ለዚህ አንድን ይጫኑ፣ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ» የሚል መሣሪያ ይገባል።

«ደመወዝሽ አይነካም» አለቻት ኃላፊዋ። ሴትየዋ ክፉ አይደለችም፤ ነገር ማለሳለስ ትወዳለች። «መዝገብ ቤት ጥሩ ወንበር እናዘጋጅልሻለን። እዚያ ቁጭ ትያለሽ።»

«ቁጭ ብዬ ምን እሠራለሁ?»

«ምንም። ጡረታሽ እስኪደርስ አረፍ በይ።»

«ጡረታዬ እኮ አሥራ አራት ዓመት ይቀረዋል። ለመቀመጥማ ቤቴም ወንበር አለኝ፤ ያውም ከዚህ የሚሻል።»

እትዬ ዜሮ ወሬውን ቀድማ ሰምታ ኖሮ አስባ የመጣችውን አወጣች። አቤቱታ መቀበያው ላይ የነበረችው ልጅ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውራለች፤ ቦታው ክፍት ነው። ሥራው ቧንቧ ተሰበረ፣ ውኃ ጠፋ እያለ የሚደውለውን ሰው ሰምቶ ኮምፒውተር ላይ መመዝገብና ወደ ጥገና ክፍል መላክ ነው።

«መስማቱንስ ማን ይችልሻል» አለች ኃላፊዋ። «ኮምፒውተሩን ግን… እንዴት አድርገሽ?»

«እንዴት እንደሆነ አሳይዎታለሁ። ሦስት ወር ልማር፤ ከዚያ ሦስት ሳምንት ይፈትኑኝ።»

«ካቃተሽስ?»

«መዝገብ ቤት እገባለሁ። አፌንም አልከፍትም።»

የሚያውቋት ሁሉ ሁለተኛው ቃል ከመጀመሪያው እንደሚከብዳት ነግረዋታል።

የዓይነ ስውራን ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምር ሰው አለ፤ እሱም ዓይነ ስውር ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ፕሮግራም እንዳለ የነገራት እሱ ነው። በነጻ ነው። የሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው የማያዩ ናቸው፤ ለሚፈልገው ሁሉ እንካችሁ ብለው ለቀውታል። አማርኛም ያነባል። ማንበቡን ያነባል እንጂ ድምፁ ግን አፍንጫው እንደታፈነ ሰው ነው፤ ይቸኩላል፣ ቃል ይውጣል፣ ጥያቄውንም ትእዛዙንም በአንድ ዜማ ይለዋል። እህቷ ገና በሰማችው ቀን «ጉንፋናሙ» ብላ ሰየመችው። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ሆነ። «ጉንፋናሙ ዛሬ ምን አለ?» ትላለች እህቷ ስትገባ።

ታናሽ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለቱ አንድ ቤት ይኖራሉ፤ ፊት ለፊት ያለው ክፍል የስፌት መኪናው፣ የጨርቁ መደርደሪያና የመለኪያው መስተዋት ነው፤ ከኋላ መኝታቸው ነው። እህቲቱ የደንበኞቿን ልክ የምትመዘግብበት አሮጌ ላፕቶፕ አለቻት። እትዬ ዜሮ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊትና እሑድ ቀኑን ሙሉ የምትለማመደው በዚህችው ላፕቶፕ ነበር። ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ የስክሪኑን ብርሃን ጨርሳ ታጠፋዋለች። አንድ እሑድ እህቷ ብቅ ብትል፣ ታላቋ ጨለማ ስክሪን ፊት ተቀምጣ፣ ጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ፣ ቁልፎቹን እያንጣጣች ትስቃለች።

«እቴቴ፣ ምን ነካሽ? ሞቷል እኮ!»

«አልሞተም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነው። እኔም እንደሱ ነኝ፣ ሞቻለሁ እንዴ?»

እንዲህ እየተሳሳቀ ሲሄድ ነው በሦስተኛው ሳምንት ጥፋት ያጠፋችው። ላፕቶፑ ተንቀራፈፈባት። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ጉንፋናሙ አንድ ማስታወቂያ አነበበላት፤ «ኮምፒውተርዎ ታሟል፤ አሁኑኑ በነጻ ያክሙት» የሚል። ነጻ የሚባል ነገር እስከዚያ ቀን ደግ ብቻ ነበር የሆነላት፤ ስለዚህ ተጫነችው። በማግሥቱ ላፕቶፑ አልከፈት አለ፤ ሲከፈትም የእህቷ መዝገብ የለም። የመቶ ሠላሳ ሰው ደረት፣ ወገብና የእጅጌ ርዝመት ጠፋ።

እህቷ ለአንድ ቀን አላናገረቻትም። በሁለተኛው ቀን ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ደንበኞቿን አንድ በአንድ ጠርታ እንደገና መለካት ጀመረች። በሳምንቱ መጨረሻ፣ «ይልቅ ደግ አደረግሽ። ግማሾቹ ወፍረዋል፤ በድሮው ልክ ብሰፋላቸው ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር» አለቻት። ታረቁ። እትዬ ዜሮ ግን ራሷን ይቅር አላለችም። ቅዳሜን አልጠበቀችም፤ ላፕቶፑን ታቅፋ አሠልጣኙ ቤት ድረስ ሄደች።

አሠልጣኙ እውነተኛ የቫይረስ ማጥፊያ በፍላሽ አምጥቶ፣ ያንን «ማፍጠኛ» ከነሥሩ ነቀለላት። እየሠራም፣ እየተቆጣትም ነበር።

«ነጻ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ሊረዳሽ ይሰጥሻል፤ ሌላው ሊያጠምድሽ፤ ዓሣ አጥማጅም እኮ ትሉን በነጻ ነው የሚሰጠው።»

«በምን ልለያቸው ታዲያ? እኔ መልካቸውን አላይ።»

«መልካቸውንማ ያየ ነው የሚታለለው። ስሙን እስከ ጭራው አዳምጪ። የፕሮግራሙን ስም፣ የገጹን አድራሻ፣ የፋይሉን መጨረሻ። ዓይን ያለው ሰው ግማሹን አይቶ የቀረውን በግምት ይሞላዋል። ለአንቺ ግን ሁሉም ይነበብልሻል። ከመሐል አታቋርጪው፤ ሌላ ምንም አልልሽም።»

ያን ቀን የሰማችውን አጥብቃ ያዘች። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ፕሮግራም የምታወርደው ከሠሪዎቹ ገጽ ብቻ ሆነ። እሑድ እሑድ የእህቷን መዝገብ ፍላሽ ላይ ትገለብጥና የቁልፎች ቆርቆሮ ውስጥ ትከተዋለች፤ ከልብስ ቁልፎቹ ጋር። የይለፍ ቃሎቿንም የሚይዝላት ሌላ ነጻ ፕሮግራም አገኘች፤ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር በቃሏ ይዛ ሌላውን እሱ ይቆልፍላታል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሌሎቹ የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ እንደሚለጠፍ ስትሰማ፣ «እኔም ብለጥፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ማን ያነብልኛል?» ብላ ሳቀች። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር የሚለውን ተረት ከዚያ በኋላ እንደ ሰላምታ ትደጋግመው ነበር።

ሦስት ወሩ አለቀና ኮምፒውተር ደረጃው ሥር ገባላት። ማዞሪያው ገና ስላልተነሣ በግራ እጇ መስመር እያገናኘች፣ በቀኝ ጆሮዋ ጉንፋናሙን እየሰማች፣ የተሰበረ ቧንቧ ትመዘግባለች። የመጀመሪያው ሳምንት ደህና አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ገብታ ኮምፒውተሩን ብትከፍት ጸጥ አለ። ጉንፋናሙ የለም። ዳበሰችው፤ ገመዱ በቦታው ነው። እጇ ስክሪኑ ላይ ሲደርስ አንድ ወረቀት ነካ። በዚያ የሚያልፈውን የጥበቃ ሠራተኛ ጠርታ አስነበበችው።

«በዚህ ኮምፒውተር ላይ ያልተፈቀደ ነጻ ፕሮግራም ስለተገኘ ተወግዷል። ማሳሰቢያውን አንብበው ይፈርሙ ይላል፣ እትዬ።»

«አንብበው ነው የሚለው?»

«አዎ። አንብበው።»

«በል እግዜር ይስጥህ» አለችና ወረቀቱን ላጥ አድርጋ፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ሃያ ስድስቱን ደረጃ ወጣች።

የኮምፒውተር ክፍሉ ባለሙያ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። ስሙን ጠርቶ የሚያውቅ የለም፤ በየክፍሉ ሲዞር «ይሄን አትንኩ፣ ያንን አትንኩ» ስለሚል አትንኩ ይባላል። አይፈረድበትም። ዓምና አንዱ ሠራተኛ የሆነ ነጻ ጨዋታ አውርዶ የጥገና ክፍሉን መዝገብ በሙሉ አስበልቶታል፤ አትንኩ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥቷል። በእባብ የተነደፈ በልጥ በረየ የሚባለው እንደሱ ላለው ሰው ነው።

«ምነው ወንድሜ፣ አፌን ዘጋኸው?» አለችው ገና በሩ ላይ።

«ደንብ ነው፣ እትዬ። ፈቃድ የሌለው ፕሮግራም አይገባም።»

«ፈቃድማ አለው። አንብቤዋለሁ። ሃምሳ ደቂቃ ፈጅቶብኛል፤ ጉንፋናሙ ራሱ ነው ያነበበልኝ። በመሥሪያ ቤትም ተጠቀሙበት ይላል። አንተ እዚህ ካስገባሃቸው ፕሮግራሞች የስንቱን ፈቃድ እስከ መጨረሻው አንብበሃል?»

ክፍሉ ውስጥ የነበረችው ጸሐፊ ሳቋን ሳል አስመሰለችው።

«በነጻ የሚሰጥ ነገር…» ብሎ ጀመረ አትንኩ።

«ማጥመጃም ሊሆን ይችላል። አውቃለሁ፤ ከአንተ በፊት ተጠምጄበታለሁ።» የእህቷን ነገር አንዱንም ሳትደብቅ ነገረችው። «ስለዚህ እመነኝ አልልህም። ራስህ ከሠሪዎቹ ገጽ አውርደው፣ ራስህ መርምረው፣ ራስህ ጫነው። እኔ የምለምንህ ዛሬ እንዲሆን ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ነው የቀረኝ።»

አትንኩ የፕሮግራሙን ስም ወረቀት ላይ ጻፈና፣ «መርምሬ ልጫነው፤ እስከ ዓርብ ይቆይ። ዓርብ ኃላፊዋ ትወስን። እስከዚያ በእርስዎ ኮምፒውተር በኩል አንዲት ነገር ከገባች ግን እነቅለዋለሁ፤ አቋሜም እሱ ይሆናል» አለ።

«ተስማማን። አንድ ነገር ግን፤ ሌላ ጊዜ የምትነግረኝ ካለ ደውልልኝ። ቁጥሬ አይከብድም።»

ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ሰው ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ኢሜይል ገባ። ላኪው በኃላፊዋ ስም ነው። ርእሱ «የደረጃ እድገት ያገኙ ሠራተኞች ዝርዝር» ይላል። ከሥሩ አንድ ፋይል ተያይዟል። በየኮሪደሩ ድምፅ ተሰማ፤ ሰው ከወንበሩ ሲነሣ ወለሉ ይንቋቋል።

እትዬ ዜሮም ደስ አላት፤ ማን ይጠላል? ጣቷ መክፈቻው ላይ ነበር። ጉንፋናሙ የፋይሉን ስም ያነባል፤ «የእድገት ዝርዝር ነጥብ ፒ ዲ ኤፍ» አለ። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃው ነበር። እሷ ጠበቀች። ጉንፋናሙ ትንፋሹን እንደሰበሰበ ሰው ትንሽ ዘገየና ቀጠለ፤ «ነጥብ ኢ ኤክስ ኢ።»

እንደገና አስነበበችው። ያው ነው። ዝርዝር ከሆነ ጭራው ላይ ይህ ምን ያደርጋል? ይህ ጭራ የሚነበብ ጽሑፍ አይደለም፤ ሲከፈት የሚሮጥ ፕሮግራም ነው። የእህቷን ላፕቶፕ የበላው «ማፍጠኛ» ጭራውም ይህ ነበር።

አትንኩ ጋ ደወለች።

«አይተኸዋል?»

«እያየሁት ነው እትዬ፤ ፒዲኤፍ ነው። እርስዎም አሉበት ይሆናል…»

«በዓይንህ አትመነው። በቀስት ቁልፉ እስከ መጨረሻው ሂድበት። ከፒዲኤፉ ቀጥሎ ባዶ ይመስላል እንጂ አላለቀም።»

የቁልፍ ሰሌዳው ድምፅ በስልኩ ተሰማት፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ። ብዙ ባዶ ቦታ ነበረበት። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

«ወይኔ» አለ አትንኩ። «ማንም እንዳይከፍተው! ሰርቨሩን ልዝጋ፣ ሰው እየዞረ ይንገር…»

«አንተ ዝጋ። ዙረቱን ለእኔ ተወው።»

ዜሮ ሁሉም ጋ ትደርሳለች። አርባ አንድ ቁጥር። በተራ አልደወለችም፤ ማን ቀድሞ እንደሚከፍት ታውቃለች። መጀመሪያ ዕቃ ግምጃ ቤት፤ ያ ሰው እድገት ሲጠብቅ ሰባት ዓመቱ ነው። ቀጥሎ መኪና ስምሪት፤ እሱ ለወሬ ትዕግሥት የለውም። ኃላፊዋን ወደ መጨረሻ አካባቢ አደረገቻት፤ እሷ ኢሜይሏን የምትከፍተው ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

«ኢሜይሉን አትክፈት።»

«እትዬ ዜሮ፣ እድገቱን ለብቻሽ ልትወስጂው ነው?» አለ የመኪና ስምሪቱ።

«ከእኔ በታች ቁጥር ካለ እሱን ይስጡህ። አትክፈተው አልኩህ፤ እድገት አይደለም፣ ወጥመድ ነው።» ዘጋችበት።

ውኃ ምርመራ ክፍል፣ «ታዲያ የእኔ ስም አለበት የለበትም?» ብለው ተከራከሯት። ለእነሱ ማስረዳቱ አላዋጣም፤ «ኃላፊዋ ናት አትክፈቱ ያለችው» አለቻቸው። ዋሸች። በኋላ ስትናዘዝ ኃላፊዋ ሳቀች።

ዕቃ ግምጃ ቤቱ ግን አንደኛ ተደውሎለትም አልደረሰችበትም።

«ከፍቼዋለሁ፣ እቴ። ምንም አልወጣም። አሁን ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሆነ ነገር እየሮጠ ነው።»

«ገመዱን ንቀል!»

«የትኛውን?»

«ሁሉንም! የምታገኘውን ሁሉ!»

ከማዶ የወንበር መውደቅ፣ ከዚያም ዝምታ ሰማች። ሰውየው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን ኮምፒውተር፣ የፎቶ ኮፒውንና የመብራቱንም ገመድ ነቅሎ እንደነበር በኋላ ታወቀ። ጉዳቱ እሱ ጋ ቀረ። የሁለት ዓመት የግሉ ፎቶዎች ጠፉበት፤ የዕቃ መዝገቡ ግን አትንኩ ዘንድ ቅጂ ነበረው። ሌላ ክፍል አልደረሰም።

በሃያ ሁለት ደቂቃ አርባ አንዱንም ጨረሰች። ከዚያ የመጣው ጥሪ ከውጭ ነበር፤ አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ቧንቧ ፈንድቶባት ትጮኻለች። እትዬ ዜሮ አቤቱታዋን መዘገበች።

ዓርብ ኃላፊዋ ቢሮ ሦስት ሆነው ተቀመጡ። ኃላፊዋ ገና በሰላምታው ምስጋና አዘነበች፤ ቦታው ያንቺ ነው፣ ፈተናው ይቅር አለች።

«አይቅርብኝ» አለች እትዬ ዜሮ።

«ምን?»

«ለትናንቱ ምስጋና ከሆነ ነገ ይረሳል። ሌላ ኃላፊ ሲመጣ፣ ‹ይህችን ሴት ማን እዚህ አስቀመጣት?› ይላል። እኔ የምፈልገው ሥራዬ እንዲታይ ነው። አንድ ሳምንት ቀርቶኛል። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ምን ያህል መዘገበች፣ እኔ ምን ያህል መዘገብኩ፣ ስንቱን አሳሳትኩ፤ ተቆጥሮ ይጻፍልኝ።»

ኃላፊዋ ወደ አትንኩ ዞረች። «አንተስ? ፕሮግራሙ ይውጣ ነው የምትለው?»

አትንኩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነጻ ፕሮግራም እንደ ልብ ይግባ አልልም፤ ዛሬም አልልም» አለ። «ግን ዝርዝር አውጥቻለሁ። መርምሬ የፈቀድኳቸው አራት ናቸው፤ አንባቢው፣ የእሳቸው የይለፍ ቃል ያዡ፣ የቫይረስ ማጥፊያው፣ ቅጂ መያዣው። ሲታደሱ በእኔ በኩል ይታደሳሉ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፈቃዳቸውንም አንብቤያለሁ» አለ።

«እስከ ጭራው?» አለችው።

«እስከ ጭራው። አንደኛውን ሳነብ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።»

እሷም ኪሷ ገብታ፣ ከሰኞ ጀምሮ ታጥፎ የቆየውን ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «እንግዲህ አንተም ፈርመህ ውሰደው» አለችው።

የመጨረሻው ሳምንት ቀላል አልነበረም። ዝናብ ጣለ፤ ቧንቧው በየቦታው ፈነዳ። ማክሰኞ ዕለት ሁለት አቤቱታ የመንደር ስም አቀያይራ ስለላከች የጥገና መኪናው በከንቱ ተመላለሰ። ራሷ ናት ደውላ የተናገረችው፤ ጻፉልኝ ብላም አስመዘገበችው። ሲቆጠር በሦስት ሳምንት ውስጥ ከቀድሞዋ ልጅ በአሥራ አንድ ያነሰ ነበር የመዘገበችው፤ ስሕተቷ ግን የዚያችን ሩብ አይሞላም። ኃላፊዋ ቁጥሩን በደብዳቤ ጽፋ፣ ማህተም አድርጋ ሰጠቻት። አትንኩ ደብዳቤውን በወረቀት ብቻ አልተወውም፤ በኢሜይልም ላከላት። ጉንፋናሙ በታፈነ አፍንጫው ሁለት ጊዜ አነበበላት፤ ማህተሙን ሊያነብ ስላልቻለ እህቷ በጣቷ አስነካቻት።

ማዞሪያው በወሩ መጨረሻ ተነሣ። ሠራተኞቹ ሽቦውን ሲጠቀልሉ እሷ አጠገባቸው ቆማ ነበር። አትንኩ አዲሱን መሣሪያ ሲያስተካክል ጠራችው።

«አንድን የሚጫን የት ይደርሳል?»

«ክፍያ ጥያቄ።»

«ሁለትን?»

«አዲስ መስመር።»

«ዜሮንስ?»

«ዜሮ ባዶ ነው፣ እትዬ። ምንም አልተሰጠውም።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባዶ ሆኖ አያውቅም። ለአቤቱታ ስጠው።»

አትንኩ የሆነ ነገር ሲጫን ሰማች። እሷ ትራሷን አስተካክላ ተቀመጠች፣ ማዳመጫውን በቀኝ ጆሮዋ ብቻ አደረገች። ብዙም አልቆየም፤ ስልኩ ጮኸ። ሰውየው ተቆጥቷል፤ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ የለውም፣ አንድን ተጭኗል፣ ሁለትን ተጭኗል፣ ሰው የሚባል ጠፋ እንዴ?

«ዜሮን ተጭነዋል እኮ፤ አገኙኝ» አለችው። «በሉ ሰፈርዎን ይንገሩኝ። ቀስ ብለው፤ እስከ መጨረሻው።»